በአምፖል ሲያዩት ልክ የነበረው በር

ሸጋው ሲስቅ ሳቁን አጥር አይገድበውም። መኪኖች ከሚታጠቡበት የግቢው ጫፍ ይነሳና፣ በላሜራው ቅጥቀጣ መሀል አልፎ፣ ታላቅ ወንድሙ ጎንበስ ብሎ ቀለም ከሚያማስልበት ጥግ ድረስ ይዘልቃል። ታላቅየው ያን ጊዜ ማማሰያውን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ጆሮውን ይሰጣል። “አሁን ይሄ ምን ያስቃል?” ይላል በሆዱ። እውነቱን እንናገር ከተባለ ብዙውን ጊዜ ያስቃል። ይበልጥ የሚያንገበግበውም ይኸው ነበር።

ታላቅየውን ጋራዡ ውስጥ “ኢንጂነሩ” ይሉታል፤ ግማሹ አክብሮት፣ ግማሹ ሽሙጥ። ሩቅ አገር ሄዶ፣ ቀለም ከምን እንደሚሠራ፣ ለምን እንደሚሰነጠቅ፣ ብርሃን ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ተምሮ የመጣ ሰው ነው። ሲመለስ አባቱ በሕይወት አልነበሩም። አባቱ ቀን ቀን ጋደም ይሉባት በነበረችው የጋራዡ ክፍል ውስጥ ጎማ ተደርድሮ አገኘ። እምነቱንም መንገድ ላይ ጣለው አይባልም፤ ይዞት ተመልሷል። ነገር ግን እንዳልተፈታ ሻንጣ ጥግ አስቀምጦት፣ አየት እያደረገው ያልፋል።

ታናሽየው ግን ከአባቱ ሥር ሳይጠፋ፣ የቀለም መርጫውን ከእጃቸው ተቀብሎ ያደገ ነው። “ሸጋው” የተባለው በመልኩ ብቻ አይደለም። የተናደደ ደንበኛ በሩን በርግዶ ይገባና፣ ከእሱ ጋር ሁለት ቃል ተለዋውጦ፣ ሻይ ተጋብዞ ይወጣል። ኢንጂነሩ የሚወጣውን ሰውዬ ከኋላው ያየዋል። ለእሱም ቢሆን “ሻይ ጠጣ” የሚለው ሰው አልጠፋም። እሱ የሚፈልገው ግን ሳይጠሩት መሀላቸው ገብቶ መቀመጥን ነበር።

ጋራዡ አንድ ልማድ አለው። ያመጡት አባታቸው ናቸው። አማኝ ሰው ነበሩ፤ ስብከት ግን አያበዙም። “እግዚአብሔርን ብርሃን ነው እያልን ሥራችንን ከጥላ ሥር ማስረከብ ነውር ነው” ይሉ ነበር፤ በቃ፣ ይችን ብቻ። ስለዚህ የተቀባ መኪና ሁሉ ከጣሪያው ሥር ወጥቶ ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ ይቆማል። የቀባው ሰው መዳፉን በቀባበት ቦታ ላይ ያሳርፍና ለባለቤቱ ይናገራል፦ “ይሄን ሠርቻለሁ። ይሄ አላረካኝም። ይቺ ጋ ጭረቷ ቀርታለች።” ደመና ከሆነ መኪና አይሰጥም። ደንበኛው ያጉረመርማል፤ ግን ይጠብቃል፤ ሌላ ቀንም ተመልሶ የሚመጣው እዚያው ነው።

ኢንጂነሩ እንደተመለሰ ሰሞን ይህን ነገር የድሮ ሰው ወግ አድርጎ ነበር የቆጠረው። ቆይቶ ግን ትክክል መሆኑ ገባው፤ ቀለም እውነቱን የሚናገረው ፀሐይ ላይ ነውና። ቢሆንም ሸጋው መዳፉን መኪናው ላይ አሳርፎ፣ “ጌታዬ፣ እዚች ጋ እጄ ተንቀጥቅጣለች፤ ሚስቴ ብትኖረኝ በሷ አሳብብ ነበር” ሲልና ደንበኛው ሲፍለቀለቅ ባየ ቁጥር፣ አንጀቱ ይቃጠል ነበር። ስህተቱን እየተናገረ የሚወደድ ሰው! እሱ አንዲትም ስህተት ሳይሠራ “አመሰግናለሁ” ከመባል አላለፈም።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ሰማዩ ሳይጠቁር በፊት፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሚኒባስ ጎኑ ተጨራምቶ ገባ። ከፊት ወንበር የወረዱት መጋቢው ነበሩ፤ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያመልክበትን ጉባኤ የሚያገለግሉ፣ ከአባታቸው ጋር ወዳጅነት የነበራቸው ሰው።

“ሰላም ለዚህ ቤት! ማነው ዛሬ የሚቀበለኝ?” አሉ።

ኢንጂነሩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ፊት ራመድ አለ። “እንኳን ደህና መጡ መጋቢ። ምን አጋጠመው?”

“ሹፌራችን ከግድግዳ ጋር ተሳሳመ።” መጋቢው እያወሩ ከትከሻው በላይ አሻግረው ያያሉ። “ሸጋው የለም እንዴ?”

“አለ። እኔም አለሁ።”

“አንተማ አለህ፣ ተባረክ” አሉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተጣሩ። “ሸጋው! ና እስቲ የኔ ልጅ!”

የኔ ልጅ። ኢንጂነሩ ጨርቁን ጨመቀው። የላሜራ ቀጥቃጩ፣ መዶሻ የሚሉት ሰውዬ፣ ከአንድ መኪና ሥር አንገቱን ብቅ አድርጎ ሁሉንም አይቷል። መዶሻ ሥራው ቀጥ ማድረግ ቢሆንም ምላሱ ያጣምማል።

“ኢንጂነር፣ አይክፋህ” አለው። “አንተን ለመጥራት ማመልከቻ የሚያስፈልግ መስሏቸው ነው እኮ።”

“አልከፋኝም።”

“እህ! ፊትህን ግን ልቀጥቅጥልህ? ትንሽ ጎድጉዷል።”

ሸጋው እየሮጠ መጥቶ የመጋቢውን ትከሻ በትከሻው ነካ አደረገ፤ የሚኒባሱን ጎን በጣቱ አንኳኳ፣ ተንሸራታቹን በር ከፈተ፣ ዘጋ። ቀለሙ ግራጫ የተቀላቀለበት ቀላል ሰማያዊ ነው፤ ዝናብ ሊጥል ሲል እንደሚታይ ሰማይ። “በሩ ሙሉ ለሙሉ ይቀባል። የቀረው ይስተካከላል” አለ። መጋቢው ከነገ ወዲያ ጠዋት እንዲደርስላቸው ለመኑ፤ አረጋውያኑን ወደ ሕክምና የሚወስዱት በዚህ ሚኒባስ ነው።

እናታቸው በሩ አጠገብ ባለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ የቁልፉን ዘለላ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። ቁልፉን የያዘ ጋራዡን ያዘ ማለት ነው፤ አባትየው ከሞቱ ወዲህ ከእጃቸው ወጥቶ አያውቅም። መጋቢው ሲሄዱ ሁለቱንም ልጆቻቸውን ጠሩ።

“እኔ ደክሞኛል ልጆቼ። ጠዋት ከፍቼ ማታ መዝጋት ከአቅሜ በላይ ሆኗል። ከሁለት አንዳችሁ ቁልፉን ትይዛላችሁ። ይሄ ሚኒባስ ይውጣና እናገራለሁ።”

“ጋሼ ይያዘው” አለ ሸጋው ወዲያው። “እኔ ቁልፍ ይጠፋብኛል።”

“አንተን ማን ጠየቀህ?” አሉት እናቱ፤ ግን እየሳቁ፣ ጉንጩን እየቆነጠጡ። ኢንጂነሩ ያችን ቁንጥጫ አየ። የእሱ ጉንጭ ከተቆነጠጠ ስንት ዘመኑ! ከዚያ በኋላ የሚኒባሱን ሥራ ከሩቅ ሆኖ መከታተል ጀመረ። መዶሻ በሩን ቀጥቅጦ አቃናው፤ ሸጋው ስቱኮ ሞላበት፣ አሸው፣ አለሰለሰው። እንከን ቢገኝለት ምን ነበረበት! እንከን አልተገኘም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ። የቆርቆሮው ጣሪያ ላይ ሲያርፍ ሰው ከሰው መነጋገር እስኪያቅተው ይጮኻል። ግቢው ጨልሞ፣ ጣሪያው ሥር ያሉት አምፖሎች በቀን በርተው ዋሉ። ሸጋው የሚኒባሱን ቀለም እየቀላቀለ ነበር። ሁልጊዜ የሚጠቀሙበት የሰማያዊ ቀለም ቆርቆሮ አልቆ ስለነበር፣ ከመደርደሪያው ሥር ሌላ አዲስ ቆርቆሮ አወጣ። ኢንጂነሩ ይህን አይቷል። ያን ሰማያዊም ያውቀዋል። የሩቁ አገር አስተማሪው አንድ ቀን ሁለት የተቀቡ ጣውላዎች አምጥቶ ነበር። በአምፖል ሲያዩአቸው መንትዮች ናቸው። መጋረጃውን ሲከፍተው አንዱ ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ፣ ሌላው ወደ አረንጓዴ ሸሸ። “ይሄኛው ሁለት ፊት አለው” ብሎ ነበር አስተማሪው፤ “ፀሐይ ሳታዩበት አትመኑት።”

ሸጋው በትንሽ ቁራጭ ላሜራ ላይ ረጭቶ አደረቀና፣ ቁራጩን ከሚኒባሱ ጎን አስጠጋው። ካንገቱ ዘንበል አለ። ከዚያ ዞር ብሎ፣ ዝናቡን ለማሸነፍ እየጮኸ፣

“ጋሼ! በሞቴ፣ ዓይንህን አንዴ አውሰኝ!” አለ።

ኢንጂነሩ መጣ። አየ። በአምፖሉ ሥር ላሜራውና ሚኒባሱ አንድ ናቸው፤ መጋጠሚያቸው እንኳ አይለይም። መናገር ያለበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። እንዲያውም አንድ ቃል ይበቃል፦ “ቆይ።”

“በዚህ መብራት ልክ ነው” አለ።

“ልክ ነው?”

“በዚህ መብራት፣ አዎ።”

“እሰይ!” ሸጋው ላሜራውን ሳመው። “አባዬ ቢኖር ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቅ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን ጊዜ የለም፤ አሁን ካልረጨሁት ለነገ አይደርቅም። ደግሞ አንተ ካየኸው ምን ቀረ? የተማረ ዓይን ነው።”

ፊቱን በጭምብሉ ሸፍኖ መርጫውን አነሳ። ኢንጂነሩ ወደ ጥጉ ተመለሰ። አልዋሸሁም፣ አለ ለራሱ። በዚህ መብራት ነው ያልኩት፤ በዚህ መብራት ደግሞ ልክ ነው። ቃል በቃል ቢመዘን አንድ ግራም አይጎድለውም። ራሱ “በፀሐይስ?” ብሎ መጠየቅ ነበረበት። ነገ ደግሞ ፀሐይ ራሷ ትናገራለች። የአባቴ ልማድ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ? እንዲህ እያለ ሲያስብ ደረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሞቀው። ደስታ ብሎ ሊጠራው አፈረ፤ ደስታ ግን ነበር።

በዚያው ሙቀት ተነሳስቶ ወደ እናቱ ቢሮ ሄደ። “እማዬ፣ ነገ ርክክቡ ላይ አንቺም ግቢው ውስጥ ቁሚ። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም ይምጡ። አባዬ የጀመረውን ነገር ሰው ይየው” አላቸው። ስልኩን አንስቶ መጋቢውንም ጋበዘ። ድግስ የሚጠራ ነው የሚመስለው። እናቱ ቀና ብለው አዩት።

“እኔኮ ይሄን ልማድ የናቅከው መስሎኝ ነበር” አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። “አባትህ ይሄን ቢሰማ!”

እንባቸው ለእሱ ነበር። ስንት ጊዜ የተመኘው እንባ፣ በዚህ ምክንያት መጣለት።

ራት ላይ ሸጋው ዓይኑ ቀለሙ በሚተነፍሰው ጭስ ቀልቶ፣ ደክሞት፣ እያዛጋ በላ። “ጋሼ ባያይልኝ ኖሮ ዛሬ እንቅልፍ አልነበረኝም” አለ ለእናቱ። እናቱ ከበሉ በኋላ፣ “ዛሬ ታላቁ ይጸልይ” አሉ። ከተመለሰ ወዲህ አስጸልየውት አያውቁም፤ እንዳያስጨንቁት ይሆናል። ኢንጂነሩ ዓይኑን ጨፈነ። ቃሎቹ ከልጅነቱ ጀምሮ አፉ ውስጥ ስለነበሩ ለመውጣት አላስቸገሩም፤ ስለ ቀኑ አመሰገነ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ እናቱ ጤና። ከዚያ፣ አባቱ ዘወትር የሚዘጉበት አነጋገር መጣበት፤ ብርሃን ሆይ፣ በብርሃንህ አኑረን የሚሉት። “ብርሃን” እስከሚለው ድረስ ደረሰ። ከዚያ ወዲያ አልሄደለትም። እዚያች ቃል ላይ ውሸቱ አልተመዘነም፤ ሳይመዘን ታየ። ሳል አስመሰለና “አሜን” አለ።

“አሳጠርከው” አለ ሸጋው እንቅልፍ ሊወስደው ሲል።

“እግዜር ነገሩ ይገባዋል።”

ይገባዋል፤ ኢንጂነሩን ያስጨነቀውም ይኸው ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። አሁንም ጊዜ ነበር። ወንድሙ ጠረጴዛው ማዶ ተቀምጧል፤ “ስማ፣ ያ ሰማያዊ…” ብሎ ቢጀምር ነገ ጠዋት ለመጋቢው ደውለው ቀጠሮውን ይገፉታል፣ በሩ ያለ ተመልካች ይታሻል። ሊጀምር አፉን ከፈተ። በዚያው ቅጽበት እናቱ ተነስተው ሸጋው ትከሻ ላይ ፎጣ ጣል አደረጉ፤ “በርዶታል ልጄን” አሉ። የተከፈተው አፍ ተዘጋ።

ጠዋቱ ታጥቦ እንደተሰጣ ልብስ ጥርት ብሎ ወጣ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አበው፤ ያን ቀን ሁለቱም አብረው ነበር የመጡት። መጋቢው ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው ገቡ፤ አረጋውያኑ ከውጭ፣ በአጥሩ ጥግ ወንበር ተሰጥቷቸው መኪናቸውን ይጠብቃሉ። እናታቸው ቁልፉን ይዘው ቢሯቸው ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሸጋው ሚኒባሱን አስነስቶ ከጣሪያው ሥር ወደ ኋላ እያፈገፈገ አወጣው።

ጎኑ ወደ ፀሐይ ዞረ። በሩ አረንጓዴ ነበር። ደማቅ አይደለም፤ ግን ዕውር ካልሆነ በቀር የማያየው የለም። ዝናብ ሊጥል ባለው ሰማይ መሀል አንድ የኩሬ ውሃ የመሰለ በር።

መጀመሪያ የተናገረው መዶሻ ነው። “ምነው፣ ሌላ መኪና በር ሰጠሁህ እንዴ?” አለ። ቀልዱ አልተሳካለትም፤ ራሱም ወዲያው አፉን ያዘ።

ሸጋው ከመሪው ወርዶ ዞሮ አየው። የሚያውቀው ሳቅ ከፊቱ ላይ ሲወርድ ኢንጂነሩ ዓይኑን አልነቀለም፤ ለዚህ ነው ሲጠብቅ ያደረው። አሁን፣ አለ በልቡ። አሁን ይየው፤ ሰው ሁሉ ይየው። ሸጋው ግን ወደ ማንም አልዞረም። በሩን ተጠጋና መዳፉን አሳረፈበት።

“ይሄን በር እኔ ነኝ የቀባሁት” አለ። “ፀሐይ ሳላይበት ረጨሁት። ቸኮልኩ። ቀለሙ ልክ አይደለም፣ አያችሁት። መጋቢ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ከሕክምና ሲመለሱ ይምጣ፤ አውልቄ እንደገና እሠራዋለሁ።”

ይኸው ነው። “ጋሼ አይቶልኝ ነበር” አላለም። ኢንጂነሩ ጠበቀ፤ ይላል ብሎ፣ መልሱን ደርድሮ ይዞ ነበር፦ በዚህ መብራት ነው ያልኩህ፣ ቃሌን አስታውስ። ሸጋው ግን ዞር ብሎ እንኳ አላየውም።

“መኪናው ይሄዳል አይደል?” አሉ መጋቢው። “በሩ ቢያረነጉድ አረጋውያኑን አይቆረጥማቸውም።” ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ አሉ። የሸጋው ትከሻ ዝቅ አለ፤ ትንፋሹ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል፣ ግንባሩ ላይ ላብ አለ፤ ግን ቆሟል። የሚደብቀው ምንም የቀረው የለም። እንደ በሩ ሁሉ ተገልጧል፤ ሊገለጥ የሚችል ሌላ ነገር ስለሌለው አይፈራም።

እናትየው ቁልፉን ከፍ አደረጉ። ፊታቸው ወደ ታላቁ ነው። “መቸኮል ጥሩ አይደለም” አሉ። “ይህን ልማድ የሚያከብረው ማን እንደሆነ ትናንት አውቄያለሁ። ና ልጄ፣ ተቀበለኝ።”

“እኔም ብያለሁ” አለ ሸጋው፤ መዳፉ አሁንም በሩ ላይ ነው። “እሱ ይሻላል።”

ኢንጂነሩ የፈለገው ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። ቁልፉ፣ “ልጄ” መባሉ፣ የወንድሙ መሸነፍ። ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመ። የሆነው ነገር ራሱንም አስገረመው፤ ቀናበት። ድል አድርጎት እያለ ቀናበት። ቅናቱ ግን በሳቁ ወይም በሚወደድበት ነገር አልነበረም። የቀናው ወንድሙ በቆመበት ቦታ ነው፤ ፀሐይ ላይ፣ እጁን በስህተቱ ላይ አድርጎ፣ ከማንም ሳይደበቅ። እሱ ቁልፉን ተቀብሎ ወደ ቢሮው ቢገባ፣ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ቢኖር ያ ቦታ የለውም። በዚህ ግቢ የሚወጣው ፀሐይ ሁሉ ለሌሎች ይሆናል፤ እሱ ሌላውን እያወጣ የሚያሳይ፣ ራሱ ግን ጥላ ውስጥ የቆመ ሰው ይሆናል። ስለ እግዚአብሔር የሚጠራጠረው ብዙ ነበር። ይህን ግን አልተጠራጠረም፤ እንዲህ ሆኖ ብርሃን ወደ ሆነ ነገር መቅረብ እንደማይቻል። ማታ ጸሎቱን ያስቆረጠው ይኸው ነበር።

ከእናቱ ዞር ብሎ ወደ ሚኒባሱ ሄደ። ከወንድሙ መዳፍ ጎን መዳፉን አሳረፈ። በሩ በፀሐዩ መሞቅ ጀምሯል።

“ትናንት ጠርቶኝ አይቼዋለሁ” አለ። “ይሄ ሰማያዊ ፀሐይ ላይ እንደሚለወጥ አውቅ ነበር። ተምሬዋለሁ። ‘በዚህ መብራት ልክ ነው’ አልኩት፤ እንዲረጨው። ሽማግሌዎቹን የጠራሁት እንዲዋረድ ነው። እማዬ፣ አንቺንም ያስወጣሁሽ ለዚህ ነው።”

እነሆ ተናገረ። ሰማዩ አልተከፈተም፤ ማንም “ተባረክ” አላለውም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። መዶሻ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣው ሰው፣ መሣሪያ የሚፈልግ መስሎ ጣሪያው ሥር ገባ። እናትየው ያነሱትን ቁልፍ ቀስ ብለው ወደ ወገባቸው መለሱ።

“አባትህ ማንንም ፀሐይ ላይ አውጥቶ አያውቅም” አሉ። “ራሱ ነበር የሚወጣው።” ይህን ብለው ወደ ቢሯቸው ገቡ።

መጋቢው ተጠጉት። “ቅናት ነው?” አሉት በዝግታ።

“ቅናት ነው መጋቢ።”

“አውጥተኸዋል። አሁን መልሰህ አታስገባው” አሉና አረጋውያኑን ሊያሳፍሩ ሄዱ።

ሸጋው እጁን ከበሩ ላይ አነሳ። ኢንጂነሩ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ፊት በወንድሙ ላይ አይቶ አያውቅም፤ ሸጋነቱ ጠፍቶ፣ ልክ አባታቸው ሲቆጡ የሚሆኑትን ሆኗል።

“ዓይንህን አውሰኝ አልኩህ” አለው። “በሞቴ ብዬህ ነበር።” ጥሎት ሄደ።

ሚኒባሱ ከምሳ በኋላ ተመለሰ። አንዲት አሮጊት በመስኮት ብቅ ብለው፣ “ይሄ በር አምሮበታል፣ ለምን ትነኩታላችሁ?” እያሉ ነበር የወረዱት። ማንም አልሳቀም። ሸጋው በሩን አውልቆ በሁለት ርብራብ ላይ አጋደመው፤ ባልዲ ውሃና ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ማሸት ጀመረ። ኢንጂነሩ ሳይጠሩት መጣ፤ ሌላ ብርጭቆ ወረቀት አንስቶ ከማዶ በኩል ጎንበስ አለ። ሸጋው አላባረረውም። አላናገረውምም። አረንጓዴው በውሃው እየተፈታ እጃቸው ላይ ይወርዳል።

ብዙ ቆይቶ ሸጋው፣ ቀና ሳይል፣ “ለምን እንደሆነ ንገረኝ” አለ። “ጠዋት በሰው ፊት እንዳልከው አይደለም። ለኔ።”

“እቀናብሃለሁ።”

“በምኔ? በዚህ በተቀዳደደ ቱታ?”

“ስትጠራ በሚጠሩህ አጠራር። እማዬ ስታይህ በምታይህ ዓይን። ሳትጠራጠር በምትጸልየው ጸሎት።” አለና ኢንጂነሩ ወረቀቱን ውሃ ውስጥ ነከረ። “አባዬ ሲሞት አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ።”

ሸጋው ማሸቱን አቆመ። “እሱን ልሰጥህ አልችልም” አለ።

“አውቃለሁ።”

“ብችልም አልሰጥህም።”

“እሱንም አውቃለሁ።”

“ደግሞ አልጠራጠርም ያለህ ማነው? ስጠራጠር አጠገቤ ስላልነበርክ ነው።” ብርጭቆ ወረቀቱን ባልዲው ውስጥ ነከረ። “ገና ይቅር አላልኩህም፤ እንዳትሳሳት። እየሞከርኩ ነው። ዛሬ እሞክራለሁ፣ አልሆን ካለ ነገ ደግሞ እሞክራለሁ።”

በዚያ መሀል እናታቸው ከቢሯቸው ወጥተው በአጠገባቸው አለፉ። በሸጋው በኩል ሲያልፉ እጃቸው ሳያስቡት ትከሻውን ዳሰስ አደረገው። በኢንጂነሩ በኩል ሲደርሱ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ፤ ሊመጣ ፈልጎ፣ ሳይመጣ፣ ተመለሰ። ወደ ውሃ ቧንቧው ሄዱ።

የሚያውቀው ነገር እዚያው የሚያውቀው ቦታ ላይ ወጋው። አንዲት ቅንጣት አልቀነሰም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጥርሱን ነክሶ ይውጠው ነበር።

“ይኸው አሁንም” አለ።

“ምን አሁንም?”

“እማዬ ትከሻህን ስትነካ። ቀናሁ።”

ሸጋው ቀና ብሎ አየው። ግራ ገብቶታል፤ ሊቆጣም ሊስቅም የደረሰ ይመስላል።

“እና በነካችኝ ቁጥር ልትነግረኝ ነው?”

“ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም።”

“ታዲያ ሥራህ ሊበዛ ነው በለኛ” አለ ሸጋው፤ ባልዲውን አንስቶ ውሃውን በሩ ላይ ለቀቀው። “በል፣ ከታች በኩል ያዝ። እኔ ከላይ እመጣለሁ።”